ሲወጣ ደህና፣ ሲወርድ የሚጠፋ ሞተር፦ ጅማ ላይ አየር ያጣ የነዳጅ ታንክ የጉዳይ ጥናት

ሞተር ሳይክሉ 150 ሲሲ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ክፍል) ያለውና ቤንዚኑ ያለ ፓምፕ በራሱ ክብደት የሚወርድ ነው። ታንኩ 11 ሊትር ገደማ ይይዛል። ባለቤቱ የግብርና ባለሙያ ናቸው፤ መኖሪያቸው ጅማ ከተማ፣ ሥራቸው ግን በአብዛኛው ዴዶ ደጋ ላይ ስለሆነ ያንን ዳገት በሳምንት ደጋግመው ይወጡታል፣ ይወርዱታል። ጉዳዩ እንዲህ በዝርዝር መጻፉ ያስፈለገው ዝናብ እንዳይገባ ተብለው የተደፈኑ የታንክ ክዳኖች ክረምት በገባ ቁጥር ስለሚታዩ ነው።

ቅሬታው

ወደ ዴዶ ሲወጣ ሞተሩ ምንም የለበትም። ሲመለስ ግን ቁልቁለቱ አልቆ መንገዱ ሜዳ ሲሆን፣ ነዳጅ ሲሰጠው ይንተፋተፋል፣ አንድ ሁለቴ በጭስ ማውጫው ይተኩሳል፣ ከዚያ ይጠፋል። ኪክ ቢመታ አይነሳም። ሩብ ሰዓት ያህል ቆሞ ሲሞከር ምንም እንዳልነበረ ይነሳና ከተማ ድረስ ይገባል። ከተማ ውስጥ፣ ከፈረንጅ አራዳ እስከ መርካቶ ቀኑን ሙሉ ቢመላለሱበት አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም።

ከዚህ ሌላ ሁለት ነገር ተነግሯል። ዴዶ ላይ ፀሐይ እየመታው ሲቆም ከካርቡሬተሩ ሥር ቤንዚን ይንጠባጠባል። የታንኩ የቀኝ ጎን ደግሞ ማንም ሳይመታው ወደ ውስጥ ገብቷል። ባለቤቱ ሦስቱን እንደ ሦስት የተለያየ ችግር ነው ያቀረቧቸው። የጎደጎደውን ታንክ እንዲያውም በገበያ ቀን ሰው ተደግፎበት ይሆናል ብለው ትተውት ነበር።

ቀደም ሲል የተሞከረው

ካንዴላ ተቀይሯል። ካርቡሬተሩ ከአንድ ጊዜ በላይ ወርዶ ታጥቧል። ከዚያ ኮይሉ (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ክፍል) ተቀየረ፤ ይህን ያደረገው መካኒክ ምክንያት ነበረው። «ሲሞቅ ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይነሳል» የተባለ ሞተር ሲመጣ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ኮይል መሆኑ ልክ ነው። ስህተቱ «ሲሞቅ» የሚለውን ሳይመረምር መቀበሉ ላይ ነበር። ይህ ሞተር በጣም የሚሞቀው ዳገቱን ሲወጣ ነው፤ ያኔ ግን አይጠፋም። የሚጠፋው የነዳጅ መስጫው ተለቅቆ ቁልቁል ሲንሸራተት ቆይቶ፣ ሲሊንደሩ በርዶ እያለ ነው። ይህን አንድ ጥያቄ የጠየቀ ሰው ቢኖር ኮይሉ ባልተገዛ ነበር።

ቀጥሎ የተወቀሰው ቤንዚኑ ነው። ማደያው ሰልፍ ሲበዛበት በሃይላንድ ከመንገድ ዳር የተገዛ ቤንዚን ውሃ አለበት ተባለ። እውነትም ካርቡሬተሩ ውስጥ ውሃ ተገኝቶ ነበር። ነገር ግን ከማደያ ብቻ ሲቀዳለት በከረመበት ጊዜም ውሃው አልቀረም፤ ስለዚህ የሚገባበት ሌላ መንገድ ነበረው ማለት ነው።

ሌላው የተሰጠው ምክንያት ቁልቁለት ላይ ቤንዚኑ ወደ ፊት ስለሚሸሽ ኋላ ያለውን የነዳጅ መክፈቻ ያጣዋል የሚል ነው። ታንኩ ሊያልቅ ሲል ይህ ይደርሳል። ይህኛው ግን ታንኩ ሙሉ ሲሆን ይብስበት ነበር፤ ምክንያቱ ቀጥሎ ይመጣል።

ምርመራው

የመጀመሪያው ፍተሻ መሣሪያ አይፈልግም። ሞተሩ በጠፋበት ቦታ ላይ፣ የነዳጅ መክፈቻውን ወደ ሪዘርቭ (መጠባበቂያ) ሳያዞሩ፣ ኪክም ሳይመቱ፣ የታንኩን ክዳን ከፍቶ ማድመጥ ነው። አየር «ፉሽ» ብሎ ወደ ውስጥ ከገባና ሞተሩ ወዲያው ከተነሳ ታንኩ አየር አጥቷል ማለት ነው። ባለቤቱ በስልክ እንደተነገራቸው ዴዶ መንገድ ላይ ይህን ሞከሩ፤ ድምፁም ተሰማ፣ ሞተሩም ተነሳ። ይህ ጥሩ ምልክት ነው፤ ማስረጃ እንዲሆን ግን በልኬት መደገፍ አለበት።

ልኬቱ የተደረገው ጋራዥ ውስጥ ሳይሆን ደጅ፣ ከብየዳና ከሲጋራ ርቆ ነው። ታንኩ እስከ ግማሽ ድረስ ነዳጅ ይዞ፣ የቤንዚን ቱቦው ከካርቡሬተሩ ተነቅሎ መስመር የተሰመረበት ዕቃ ውስጥ ተደረገ። ክዳኑ እንደተቆለፈ መክፈቻው ተከፈተ። ቤንዚኑ በመጀመሪያ በደንብ ወረደ፤ 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ላይ ሲደርስ ቀጠነ፣ ወደ ጠብታ ተለወጠ፣ ቆመ። ክዳኑ ሲከፈት እንደገና በሙሉ ኃይሉ ፈሰሰ። ክዳኑ ክፍት ሆኖ ሙከራው ሲደገም ደግሞ እስከ ግማሽ ሊትር ድረስ ሳይቀጥን ወረደ። ስለዚህ መክፈቻው፣ በውስጡ ያለው ማጣሪያና ቱቦው ነፃ ናቸው፤ ጥፋቱ ክዳኑ ዘንድ ነው።

ይህን ሙከራ የሚደግም ሰው ሁለት ነገር ይያዝ። አንዳንድ ሞተሮች መክፈቻቸው በሞተሩ መምጠጥ የሚሠራ ስለሆነ፣ ሞተሩ ካልዞረ ቤንዚን አያወርዱም፤ እነሱ ላይ በቀጥታ የሚያፈስ ልዩ ቦታ ካለ ወደዚያ ማዞር ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ የሚፈለገውን መጠን ማወቅ ይጠቅማል። 150 ሲሲ ሞተር በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የሚበላው በደቂቃ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሊትር ነው፤ ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶት ዳገት ሲወጣ እስከ 60 ሊደርስ ይችላል። በደቂቃ ከ150 ሚሊ ሊትር በታች የሚያወርድ መክፈቻ ክዳኑ ደህና ቢሆንም መታየት አለበት።

ክዳኑ ሥር የተገኘው

ቁልፍ ያለው ክዳን ከታች በኩል ጎሚኒ አለው፤ ከጎሚኒው በላይ ደግሞ በስፕሪንግ የሚገፋ ሳህን አለ። አየር የሚገባው በሳህኑና በክዳኑ አካል መካከል ባለ ጠመዝማዛ መንገድ አልፎ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር በምትሆን ቀዳዳ ነው። እዚህ ክዳን ላይ ቀዳዳዋ በሲሊኮን ተደፍናለች። በዚያ ላይ ክዳኑ ከመዘጋቱ በፊት በታንኩ አፍ ላይ ድርብ ፌስታል ይነጠፍ ነበር።

ለምን? ዝናብ እንዳይገባ። ጅማ ዝናቧ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት በኋላ ዶፍ ነው። ታንኩ ውስጥ ውሃ ሲገኝ፣ ከላይ የሚገባበትን ቀዳዳ መድፈን ለማንም የሚመጣ ሐሳብ ነው። ችግሩ ውሃው ክዳኑ ዙሪያ ለምን እንደሚተኛ አለመጠየቁ ነው።

የዚህ ዓይነት ታንክ ክዳኑ ከታንኩ ወለል ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ስለዚህ በዙሪያው ውሃ የሚቋጥር ጉድጓድ አለ። ከጉድጓዱ ጥግ ከሦስት እስከ አራት ሚሊ ሜትር የምትሰፋ ቀዳዳ አለች። ከእሷ የሚነሳው ቀጭን ቧንቧ በታንኩ ሆድ ውስጥ አልፎ ከታች ይወጣል፤ እዚያ ላይ የጎማ ቱቦ ይቀጠልበትና ውሃውን መሬት ላይ ያፈሳል። ይህ ቧንቧ ከቤንዚኑ ጋር አይገናኝም፤ ሥራው የዝናብ ውሃ ማስወገድ ብቻ ነው። እዚህ ሞተር ላይ የጎማ ቱቦው ጫፍ በቀይ ጭቃ ደርቆ ተደፍኗል፤ ከላይ ደግሞ ካርቡሬተሩን ለማጠብ ታንኩ ወርዶ ሲመለስ በታንኩና በሻንሲው መካከል ተጣጥፎ ተቆንጥጧል። ዝናብ ሲጥል ጉድጓዱ እንደ ሲኒ ይሞላል፤ ውሃው መውጫ ስላጣ በአየር ማስገቢያዋ ቀዳዳ ወደ ታንኩ ይወርዳል። ሞተሩ ቆሞ ታንኩ ሲበርድ ደግሞ በውስጡ ያለው አየር ስለሚሰበሰብ ውሃው ይሳባል እንጂ ጠብ ብቻ አይልም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥፋት የተደፈነው የውሃ መውረጃ ነው። ሁለተኛው በጥገና የመጣ ነው፤ ውሃው መውጫ ሲያጣ አየሩ መግቢያ ተነፈገው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ያስተካከለ መካኒክ ሞተሩን መልሶ ያየዋል።

ቁልቁለት ላይ ለምን?

ቤንዚኑን ወደ ካርቡሬተር የሚገፋው የራሱ ከፍታ ነው። ከታንኩ የቤንዚን ወለል እስከ ካርቡሬተሩ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብንወስድ፣ የሚፈጥረው ግፊት ሁለት ኪሎ ፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) እንኳን አይሞላም። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የከባቢ አየሩ ግፊት 82 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው። ስለዚህ በታንኩ ውስጥ ያለው አየር ግፊቱ በመቶ ሁለት ያህል ከቀነሰ ቤንዚኑ መውረድ ያቆማል።

ይህች ከመቶ ሁለት እጅ ብቻ የሆነች ልዩነት ብዙ ነገር ትፈታለች። ታንኩ ሙሉ ሲሆን ባዶው ቦታ አንድ ሊትር ቢሆን፣ 20 ሚሊ ሊትር ቤንዚን ሲወጣ ግፊቱ በዚያ መጠን ይወርዳል፤ ይህም የአንድ ኪሎ ሜትር መንገድ ነዳጅ ነው። ታንኩ ግማሽ ሲሆን ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ፣ ማለትም አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ይፈጃል። ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው ነዳጅ ሁለት ኪሎ ሜትር ይጨምራል፤ ከቤንዚኑ የሚነሳው ተንም የጎደለውን በከፊል ስለሚሞላ በተግባር ከዚህ ይረዝማል። ዋናው ነገር ሙሉ ታንክ ከግማሽ ታንክ ቀድሞ መቸገሩ ነው። ነዳጅ ያለቀበት ሞተር የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው።

ከተማ ውስጥ ያልጠፋው ፌስታሉና ሲሊኮኑ ፍጹም ስላልነበሩ ነው። በጎሚኒው ጠርዝ ትንሽ አየር ይሾልካል፤ አጭር መንገድ ሄዶ ለሚቆም ሞተር ያ ይበቃዋል። ሩብ ሰዓት ሲቆም የሚነሳውም በዚሁ ነው፤ የቀዘቀዘ ነገር ኖሮ ሳይሆን አየሩ ቀስ ብሎ ስለገባ ነው።

ቁልቁለቱ የሚጨምረው ሌላ ነገር ነው። በዚህ ከፍታ በየ100 ሜትሩ መውረድ የውጭው አየር ግፊት በአንድ ኪሎ ፓስካል ገደማ ይጨምራል። ዴዶ ላይ የታሸገ ታንክ የደጋውን ቀጭን አየር ይዞ ይወርዳል፤ 200 ሜትር ያህል ሲወርድ አንድ ጠብታ ቤንዚን ባይበላ እንኳን ውጭና ውስጥ ያለው ልዩነት ፍሰቱን ለማቆም ይደርሳል። የነዳጅ መስጫው ተለቅቆ ሲንሸራተት ሞተሩ የሚበላው ጥቂት ስለሆነ ካርቡሬተሩ ውስጥ ባለው ይቆያል። ሜዳው ላይ ነዳጅ ሲሰጠው ያው ያልቅና ይጠፋል። ከጅማ ወደ ጊቤ ሸለቆ የሚወርድ ሰው ላይ ልዩነቱ ስድስት ሰባት ኪሎ ፓስካል ስለሚሆን ይህ ሞተር ያን መንገድ አይጨርሰውም ነበር።

መውጣት ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው። ከጅማ የታሸገው ወፍራም አየር ዴዶ ሲደርስ ቤንዚኑን ይገፋዋል። ካርቡሬተሩ ውስጥ በተንሳፋፊው የሚዘጋው የቤንዚን መግቢያ መርፌ ሁለት ኪሎ ፓስካልን ሊያቆም የተሠራ ነው፤ በላዩ ላይ የዳገቱ ልዩነትና የፀሐዩ ሙቀት የሚያስነሳው ተን ሲጨመሩበት ይሸነፋል። የሚንጠባጠበው ቤንዚን ከዚህ የመጣ ነው።

ጉዳቱ

ታንኩ ለምን ወደ ውስጥ ገባ? ብዙ ሰው ሞተሩ ቤንዚን ሲስብ ታንኩን አጎደጎደው ይላል። ፓምፕ በሌለው ሞተር ይህ አይሆንም፤ መምጠጡ ሁለት ኪሎ ፓስካል ሳይደርስ ፍሰቱ ራሱ ይቆማልና። (ኢንጀክሽን ያለው፣ ማለትም ነዳጁ በፓምፕ ተገፍቶ የሚረጭለት ሞተር ሌላ ነገር ነው፤ ፓምፑ አጥብቆ ስለሚስብ እዚያ ታንክ ሊጨማደድ ይችላል።) እዚህ ጥፋተኛው ከሰዓት በኋላ የሚጥለው ዝናብ ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ ታንክ ሲግል ግፊቱ ሲበዛ ፌስታሉን አንስቶ ይወጣል፤ ዶፉ ወርዶ ሲያቀዘቅዘው ግን መምጠጡ ያንኑ ፌስታል አፉ ላይ ያጣብቀዋል። ሳይታሰብ የተሠራ የአንድ አቅጣጫ በር ነው። ከ45 ዲግሪ ወደ 25 ሲወርድ የአየሩ መሰብሰብ ብቻውን አምስት ኪሎ ፓስካል ይሆናል፤ ተኑ ወደ ፈሳሽ ሲመለስ ከእጥፍ በላይ ሊያደርሰው ይችላል። 20 በ15 ሴንቲ ሜትር በሆነ ጎን ላይ አሥር ኪሎ ፓስካል ማለት 30 ኪሎ ክብደት መጫን ነው። የታንክ ላሜራ ቀጭን ነው፤ በየከሰዓቱ እንዲህ ሲጫነው ጠፍጣፋው ቦታ ይሸነፋል።

ሌላው ጉዳት ከታንኩ በታች ነበር። ወለሉ ላይ ዝገት፣ ማጣሪያው ላይ ቡናማ ዝቃጭና የሲሊኮን ቁርጥራጭ ተገኘ። ተራ ሲሊኮን ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ እየተቆረጠ ይወርዳል፤ ነዳጅ የሚነካው ቦታ ላይ ምንም ሥራ የለውም። የዘይት መለኪያው ከመስመሩ በላይ ያሳይ ነበር፤ ሲሸተት ቤንዚን ነው። ከመርፌው ያለፈው ቤንዚን ሁሉ ወደ ውጭ አልተንጠባጠበም፤ በከፊል በሲሊንደሩ አልፎ ዘይቱ ውስጥ ገብቷል። እንዲህ ያለ ዘይት ቀጥኖ ስለሚቀር ሞተሩ እንዲነሳ አልተፈቀደም።

የተሠራው ሥራ

ዘይቱ ወጣ፣ አንድ ሊትር ገደማ 20ደብልዩ50 የሞተር ዘይት ተሞላ። ካርቡሬተሩ ተከፍቶ ከሥሩ ውሃና ዝገት ወጣ፣ ጂግለሩ (ቤንዚን በልክ የሚያልፍበት ቀጭን ቀዳዳ) ታጠበ፣ ጫፉ ላይ ቀለበት የመሰለ ጭረት የነበረው መርፌ ተቀየረ።

ክዳኑ ተፈታ። ሦስቱ ብሎኖች ትናንሽ ናቸው፤ ስፕሪንጉ እንዳይፈናጠር በመዳፍ ተይዞ ይፈታል። ሲሊኮኑ በእንጨት ስንጥር ተላጠ፤ ቀዳዳዋ በሽቦ አትሰፋም፣ ከሰፋች ቤንዚን ትረጫለችና። ለብ ባለ ውሃ፣ በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ታጠበ። የካርቡሬተር ማጠቢያ ስፕሬይ ጎሚኒውን ስለሚያበላሽ አልተነካም። ፍተሻው በአፍ ነው፦ ሲነፋ አየር ያለ ችግር ማለፍ አለበት። ጎሚኒው ደርቆ ስለነበር በአዲስ ተተካ።

የውሃ መውረጃው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የጎማ ቱቦው ተነቅሎ ለብቻው ተጠረገ፤ በታንኩ ሆድ የሚያልፈው ቧንቧ ግን በናይለን ክር ነው የተጠረገው። በኮምፕረሰር ማስነፋት ይቀላል፤ ሆኖም ቧንቧው ከውስጥ ዝጎ ከሆነ ይበሳል፣ ያኔ የዝናብ ውሃ በቀጥታ ቤንዚን ውስጥ ይገባል። መበሳት አለመበሳቱን ለማወቅ ታንኩን ሞልቶ ሌሊቱን የቧንቧውን ጫፍ መከታተል ነው፤ ቤንዚን ከተንጠባጠበ ተበስቷል። እዚህ ደረቅ አደረ። ከዚያ ክዳኑ ተዘግቶ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጉድጓዱ ላይ ፈሰሰ፤ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ከታች ወጣ። ቱቦው ከሻንሲው ጋር በማይቆነጠጥበት ጎን ታሰረ፣ ጫፉም ከኋላ ጎማው ጭቃ እንዲርቅ ተቆረጠ።

ለዝገቱ መክፈቻው ወልቆ ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላ ታንኩ ታጥቦ በአቼቶ ተሞላ፣ ለ24 ሰዓት ተተወ። ከዚያ በውሃ፣ ቀጥሎ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ፣ በመጨረሻም እንደገና በንጹሕ ውሃ ታጠበ። ከዚህ በኋላ ፍጥነት ይጠይቃል፤ የታጠበ ብረት እርጥብ ሆኖ ካደረ ጠዋት እንደገና ቀይ ነው። ፀሐይ ላይ አፉ ተከፍቶ ደረቀ፣ ወዲያው ጥቂት የሞተር ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን ተገለባበጠበት። አቼቶ ቀለም ይነካል፤ የፈሰሰው ወዲያው ይታጠብ።

የጎደጎደው የታንኩ ጎን እንዳለ ተትቷል። ላሜራ ቤት ሁለት ሐሳብ ቀርቦ ነበር። አንደኛው በኮምፕረሰር መንፋት ነው። 100 ኪሎ ፓስካል፣ ማለትም የጎማ አየር ግማሽ ያህል፣ በዚያው 20 በ15 ሴንቲ ሜትር ላይ 300 ኪሎ ይሆናል፤ የታንኩ ስፌት ይቀደዳል። ሁለተኛው ከውጭ ብረት በይዶ መሳብ ነው። ባዶ የቤንዚን ታንክ ከሙሉው ይበልጥ አደገኛ ነው፤ የሚፈነዳው ፈሳሹ ሳይሆን ከአየር ጋር የተቀላቀለው ተን ነውና። ታንኩ የሚይዘው በጥቂት ዴሲ ሊትር ከመቀነሱ በቀር መጎድጎዱ ጉዳት ስለሌለው፣ ለመልክ ብሎ ይህን መድፈር አላስፈለገም።

ለዝናቡ የተሰጠው መፍትሔ ይኸው ፌስታል ነው፤ ቦታው ብቻ ተለወጠ። ሞተሩ ሲቆም ከክዳኑ በላይ፣ ከውጭ፣ ጠርዙ ሳይታሰር ይለበሳል። ማደያ ላይ ደግሞ ሰልፍ ጠብቆ የደረሰ ሰው እስከ አፍ ማስሞላቱ የተለመደ ነው፤ ቤንዚን ግን በ25 ዲግሪ ሙቀት ልዩነት በ11 ሊትር ላይ ሩብ ሊትር ያህል ይጨምራል፣ ያም በአየር ቀዳዳዋ ይወጣል፣ ቀለሙን ይልጣል፣ አቧራ ይዞ ቀዳዳዋን መልሶ ይደፍናል። ከአፉ ሥር ሁለት ሦስት ጣት መተው ይበቃል።

የፍሰት ልኬቱ ክዳኑ ተቆልፎ ሲደገም ግማሽ ሊትሩ ሳይቀጥን ወረደ። ሞተሩ ታንኩ ሙሉ ሆኖ ዴዶ ወጥቶ ተመለሰ፤ ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ ነዳጅ ሲሰጠው አልተንተፋተፈም፣ ክዳኑ ሲከፈትም ድምፅ አልነበረም። የተወገደው ኮይል ተፈትሾ ደህና ስለነበር ለባለቤቱ መለዋወጫ እንዲሆን ተመልሷል። ማጣሪያው አንድ ሙሉ ታንክ ቤንዚን ካለቀ በኋላ ወርዶ እንዲታይ ቀጠሮ ተይዟል፤ ከአቼቶው የተረፈ ዝገት ካለ የሚወርደው ያኔ ነው።